የባለሽቦው ሃያ አራተኛ እትም

አምኃ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ታፔላ ይጽፋል። የካዛንቺስ ዳቦ ቤቶችና ፀጉር ቤቶች አሁን አሁን በኮምፒውተር የታተመ ፕላስቲክ ይሰቅላሉ እንጂ በእጅ የሚያስጽፉት ጥቂቶች ናቸው። ያም ቢሆን ለስልሳ ሦስት ዓመት ሰው እጅ ማፍታቻ አያንስም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ቆሞ የአንድ ፋርማሲ ታፔላ ሲጨርስ፣ ከታች «ጋሼ፣ ይቅርታ» የሚል ድምፅ ሰማ። ቁልቁል ቢያይ መነጽር ያደረገ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያቀፈ ጎልማሳ አንጋጦ ያየዋል።

«መሸጫ የሚለው ላይ ያለችው ‹ሸ› የእርስዎ እጅ ናት?»

«አዎ። ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! ማለቴ... አናቷ ላይ ያለችው ሰረዝ ወደ ቀኝ ረዝማ ጫፏ ላይ ትጎብጣለች። እንደዚህ አድርጎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። እርስዎ የባለሽቦው ሰዓሊ ነዎት?»

አምኃ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ እዚያው ተወው። ያን ስም ከሰው አፍ ከሰማ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ከመሰላሉ ወረደና «ነበርኩ» አለ።

ባለሽቦው ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. በየሁለት ወሩ ይወጣ የነበረ ኮሚክ ነው። አሥራ ስድስት ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በማባዣ ተባዝቶ በስቴፕል የተያያዘ፤ ሜክሲኮ አደባባይ ጋዜጣ የሚያዞሩ ልጆች ናቸው ይሸጡት የነበረው። ታሪኩ መርዕድ ስለሚባል የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። መርዕድ ምሰሶ ላይ ሳለ መብረቅ ይመታዋል፤ ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ የስልክ እጀታ አንስቶ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ጭምብሉን አጥልቆ በሽቦ ላይ እየሮጠ ይደርስለታል። ሥዕሉንና የሽፋኑን ጽሑፍ የሚሠራው አምኃ ነበር። ቃሉን የሚጽፈው ደግሞ ብርሃነ፣ የግቢው ጎረቤትና ጓደኛው።

ጎልማሳው ናኦድ እንደሚባልና የፊዚክስ መምህር እንደሆነ ተናገረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ካፌ የባለሽቦው ወዳጆች እንደሚሰበሰቡ፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ በአንድ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ እንደከረሙ ነገረው። «መጥተው ይፍረዱን፣ ጋሽ አምኃ። በቃ እርስዎ ያሉት ይሆናል።»

አምኃ አልሄድም ሊል አስቦ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ራሱን ንጹሕ ሸሚዝ ሲለብስ አገኘው። ባለቤቱ ደብሪቱ ከኋላው ቆማ ኮሌታውን አስተካከለችለትና «ሂድ፣ ሰው ጠርቶህ» አለችው።

ወዳጆቹ ብዙ መስለውት ነበር፤ ሦስት ናቸው። ከናኦድ ሌላ ገብረሃና የሚባል ሃምሳ ዓመት ያለፈው የባንክ ሠራተኛና ዳናይት የምትባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ። ገብረሃና ሃያ ሦስቱንም እትሞች አንድ በአንድ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ዳናይት አርክቴክቸር ተምራ በቅርቡ ሥራ የጀመረች ልጅ ናት። ባለሽቦውን ያወቀችው ከእናቷ አልጋ ሥር በነበረ ካርቶን ውስጥ አግኝታው ነው። አምኃ ሲገባ ሦስቱም ብድግ አሉ፤ ገብረሃና እጁን ከጨበጠው በኋላ ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደበት።

ጭቅጭቁ ግን ማኪያቶው እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም።

«ጋሽ አምኃ፣ ተማሪዎቼን የስልክ እጀታ ስላቸው ምን እንደሆነ አያውቁም» አለ ናኦድ። «ስለዚህ እንደ አዲስ እንጀምረው ነው የምለው። ሪቡት! መርዕድ የሃያ ዓመት ልጅ ይሁን። ምሰሶውን ትተን የኔትወርክ ታወር ላይ እናውጣው። ልቡ ያው የድሮው ልብ ነው፤ ዘመኑን ብቻ እንቀይርለት።»

«ታወር ላይ ሽቦ አለ?» አለ ገብረሃና። «ስሙ እኮ ባለሽቦው ነው! ምን ልትለው ነው፣ ባለኔትወርኩ?»

ዳናይት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «እኔ ደግሞ ሰውየውን ሰርዞ መልሶ መፍጠር የሚባል ነገር አይገባኝም። ያ ሁሉ የደከመው፣ የወደቀው፣ ሰው ያዳነው የት ሊገባ ነው? ይልቅ ያርጅ። አርጅቶ ቦታውን ለሌላ ይስጥ። ፍሬ አለች አይደል?»

ፍሬ የመርዕድ የእህቱ ልጅ ናት፤ በሁለት ሦስት እትሞች ላይ ብቅ የምትል የአሥር ዓመት ልጅ።

«አሥራ አምስተኛው ላይ» አለች ዳናይት ወደ አምኃ ዞራ፣ «ጆሮዋን ምሰሶው ላይ ለጥፋ ‹ይሰማኛል› ትላለች። ደራሲው ያኔውኑ ወራሹን እያዘጋጀ ነበር። ተሳሳትኩ፣ ጋሼ?»

«ልጅ ናት፣ ስትጫወት ነው!» አለ ገብረሃና። «ምንም አታዘጋጁ፣ ምንም አትጀምሩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ከሽቦው ወደቀ፣ አለቀ። ያማል፤ ይመም። ያለቀን ነገር የሚነካካ ሰው አልወድም።»

አምኃ ስኒውን ማሽከርከር ጀመረ። ሦስቱም እሱን እየጠበቁ ነው። የአሥራ አምስተኛውን እትም ያን ሥዕል በደንብ ያስታውሰዋል።

«ፍሬን እዚያ የሳልኳት የቀኙ ጥግ ባዶ ስለሆነብኝ ነው» አለ። «ምሰሶ ብቻውን ቆሞ አላማረኝም። ልጅ ጨመርኩበት።»

ዳናይት ቅር አላት። ገብረሃና በደስታ ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን አነሳ።

«ግን ‹ይሰማኛል› የሚለውን የጻፈው ብርሃነ ነው» ሲል አምኃ ቀጠለ። «እኔ አፏን ዘግቼ ነው የሳልኳት። ሲስቅ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ፊኛ ሠራላትና ጻፈባት። ለምን እንደጻፈው አልጠየቅኩትም።»

ፊኛ የሚሉት ከገጸ ባሕርያቱ አፍ የሚወጣውን፣ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ ነው። አሠራራቸው እንደዚያ ነበር። ብርሃነ ታሪኩን በአፉ ያወራለታል፣ አምኃ ይስላል፣ ፊኛዎቹን ባዶ ይተዋቸዋል፤ ከዚያ ብርሃነ ሥዕሉን ወስዶ ቃል ይሞላበታል። አንዳንዴ የሚሞላው ቃል መጀመሪያ ካወራው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አምኃ እትሙ ከወጣ በኋላ እንደ ማንኛውም አንባቢ ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

«ስለዚህ እኔ ልፈርድላችሁ አልችልም። ቃሉ የኔ አይደለም።»

«ደራሲው የት ናቸው?» አለች ዳናይት።

አምኃ ስኒውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። ገብረሃና «ለማንኛውም በሃያ ሦስተኛው አልቋል» ሲል፣ አምኃ ሳያስበው «አላለቀም» አለው። «ሃያ አራተኛ አለ።»

ሦስቱም ደርቀው ቀሩ። አምኃ ግን ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ቤቱ ሲደርስ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ከታች፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አወጣ። አሥራ ስድስት ገጽ ነው፤ የወረቀቱ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ፊኛዎቹ በሙሉ ባዶ ናቸው። ደብሪቱ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ምን እንደያዘ አይታለች፤ ግን አልጠየቀችውም። እሷ እንዲህ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ አልጠየቀችውም።

በ1990 ሰኔ ወር፣ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ እናት አባቶቻቸው ከኤርትራ የመጡ ሰዎች እየተለቀሙ ወደ ድንበር ይላኩ ጀመር። ብርሃነ ካዛንቺስ ተወልዶ ካዛንቺስ ያደገ ሰው ነው፤ አምኃ ለእሱ ይመጣሉ ብሎ አላሰበም። አንድ ረቡዕ ጠዋት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ደብሪቱ ገበያ ወጥታ ነበር። አምኃ የሃያ አራተኛውን እትም የመጨረሻ ገጽ እያጠናቀቀ ነበር፤ ድምፅ ሲሰማ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብርሃነ በሁለት ሰዎች መሃል ሹራቡን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሲሄድ አየው። ግቢው መሃል ሲደርስ ብርሃነ ቆም አለና ወደ አምኃ መስኮት ዞረ። አምኃ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመ። አልወጣም። ወጥቶ ቢያንስ «አይዞህ» ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አይከለክለውም ነበር። ግን ፈራ። መኪናው ሲነሣም እዚያው ቆሞ ነበር።

ደብሪቱ ተመልሳ ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልወጣህም?» እሱም «አልወጣሁም» አላት። እሷ ወዲያው ምግብ ሠርታ በምሳ ዕቃ ይዛ ብርሃነ ወደታሰረበት ሄደች። ሦስት ቀን ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን ስትሄድ በአውቶቡስ ወስደዋቸዋል አሏት። አምኃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለሽቦውን አልሳለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቅሉን ይዞ ወደ ካፌዋ ሄደ። ለምን እንደሄደ ቢጠይቁት በትክክል መመለስ አይችልም። ምናልባት «አላለቀም» ብሎ ከተናገረ በኋላ ደብቆ ማስቀመጡ ከበፊቱ የባሰ ሆኖበት ይሆናል።

ገብረሃና እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ መጣ። ገጾቹን አንድ በአንድ እየገለጡ አዩ። መርዕድ ከሽቦው ከወደቀ በኋላ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ፍሬ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላለች። ሐኪም ይመጣል፣ ነርስ ትመጣለች፣ ሁሉም ያወራሉ፤ ግን ፊኛው ባዶ ስለሆነ ምን እንደሚሉ አይታወቅም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ያለ ስልክ ይጮሃል። ማንም አያነሳውም። ፍሬ ወደ በሩ ዞራለች። መርዕድ ከትራሱ ቀና ብሎ አፉን ከፍቷል፤ ከአፉ ትልቅ ባዶ ፊኛ ይወጣል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

«‹አንሺው› ነው የሚላት» አለች ዳናይት። «አንሺው! አላልኳችሁም?»

«ለምን ‹አታንሺው› አይሆንም?» አለ ገብረሃና። «ልጅን እንደዚህ ያለ ነገር ውስጥ ማን ያስገባል? ይሄ አጎት ነው እኮ።»

ናኦድ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ተመልከቱ፣ እንዲህ ተኝቶ ማለቁ ራሱ... ማለቴ ሁሉም ሕልም ሊሆን ይችላል። ሲነቃ የሃያ ዓመት ልጅ ነው...»

«አንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር ሪቡት ታደርጋለህ!» አለችው ዳናይት። ከዚያ ወደ አምኃ ዞረች። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ባዶ የቀረው?»

አምኃ ነገራቸው። ከመኪናው ጀምሮ እስከ መጋረጃው ድረስ፣ ምንም ሳያሳምር ነገራቸው። ሲጨርስ ገብረሃና ፕላስቲኮቹን ሲያስተካክል ቆየ። የተናገረችው ዳናይት ናት።

«አጎቴ ረዳኢ እንደዚያ ነው የሄደው። እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ የእናቴ ወንድም ነው። መጽሔቶቹም የእሱ ነበሩ። እናቴ ያን ቀን መስኮቱን የዘጋው ማን እንደነበር፣ ማን ደግሞ እንደወጣ ቤት ለቤት ታውቃለች። እስከ ዛሬ ለሁሉም ሰላምታ ትሰጣለች።»

«እንዴት ትችላለች?» አለ አምኃ።

«እኔንጃ። ግን ከመካከላቸው አንድ ሰው መጥቶ ዘግቼ ነበር ቢላት ደስ የሚላት ይመስለኛል።»

አምኃ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በጋዜጣው ሊጠቀልል ጀመረ። ዳናይት ተቀብላ ጠቀለለችለት።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ከኤርትራ ጋር ሰላም ወረደ፤ የስልክ መስመሩም ተከፈተ። ሰዎች ሥራ ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ቆመው ሲደውሉ ዋሉ። የሚደውሉለት ዘመድ የሌላቸው እንኳ በዘፈቀደ ቁጥር እየመቱ ከማያውቁት ሰው ጋር ሰላም ተባባሉ። አምኃ ያን ቀን ታፔላ ሊጽፍበት የነበረ ሱቅ ድረስ ሄዶ የሱቁን ባለቤት ስልክ ላይ ስታለቅስ አግኝቷት ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ። የደብሪቱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር ነው።

«ምንድን ነው?»

«የብርሃነ ስልክ» አለች ደብሪቱ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም። «አስመራ ነው ያለው። እህቱ ለተገብርኤል ሰጠችኝ።»

«ለተገብርኤል? እሷን ደግሞ የት አገኘሻት?»

«ቤተ ክርስቲያን። ስንሄድ ስንመጣ ሃያ ዓመት አብረን ነን። አንተ አልጠየቅከኝም፤ እኔም አልነገርኩህም። ደህና መሆኑን ግን በውጭ አገር ዘመዶቿ በኩል ሁሌም አውቅ ነበር።»

አምኃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መናደድ ፈልጎ ነበር፤ የሚናደድበት ነገር አጣ። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ደብሪቱ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ስልኩን አምጥታ ከፊቱ አኖረችለት። ከዚያ ጎኑ ተቀመጠች እንጂ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም።

አራት ጊዜ መስመሩ ተጨናንቆ እምቢ አለ። በአምስተኛው ጠራ።

«ሃሎ?»

«ብርሃነ? አምኃ ነኝ።»

«የትኛው አምኃ?»

«የ... የካዛንቺሱ። ሰዓሊው። አንድ ግቢ የነበርነው፤ ከድሮው የጣሊያን ቤት ጀርባ...»

«አውቄሃለሁ» አለ ብርሃነ። «ትንሽ እንድታወራ ብዬ ነው።»

አምኃ አፉን በእጁ ሸፈነ። ደብሪቱ ጀርባውን ያዘችው።

«ደብሪቱ ደህና ናት?» አለ ብርሃነ። «እቺ ሴት ያበላችኝ ሽሮ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም። ሰላም በልልኝ።»

«አጠገቤ ናት። ብርሃነ... አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ያን ቀን ቤት ውስጥ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ፈርቼ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ። አራት ዓመት ተቀይሜሃለሁ፣ አምኃ። አልዋሽህም። ማታ ማታ ተኝቼ አንተን ስሰድብ ነበር የማመሸው። ከዚያ ሴት ልጅ ወለድኩ። ቀን ሥራ፣ ማታ ልጅ... ቂም የምይዝበት ጊዜ አጣሁ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አሁን ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ አሁን ነው።»

ብርሃነ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ። አድርጌልሃለሁ። አታልቅስ፣ እኔንም ታስለቅሰኛለህ፤ ሰው ፊት ነኝ። በል አሁን ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ታፔላ እጽፋለሁ።»

«ታፔላ!» ብሎ ሳቀ ብርሃነ። ሳቁ ያው የድሮው ነው፤ ከሳል ጋር ነው የሚያልቀው። አምኃ ያን ሳቅ ሲሰማ ነበር እንደ ልቡ መናገር የቻለው። ስለ ሃያ አራተኛው፣ ስለ ካፌዋ፣ ስለ ሦስቱ ሰዎች አንድም ሳያስቀር አወራለት።

ቅዳሜ ዕለት የአምኃን ስልክ ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው መሃል አኖሩት። ገብረሃና ከረቫት አስሮ መጥቷል። ናኦድ የሚጠይቀውን ወረቀት ላይ ጽፎ ይዟል። ዳናይት ግን ማንንም አልጠበቀችም።

«ጋሽ ብርሃነ፣ የመጨረሻው ፊኛ! መርዕድ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው? አንሺው ነው አታንሺው?»

«የቱ ፊኛ?»

አምኃ ሥዕሉን ገለጸለት።

«እውነቱን ልንገራችሁ? ረስቼዋለሁ» አለ ብርሃነ።

«እንዴት ይረሳሉ!» አለ ገብረሃና፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም ልመናም ነበረበት። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ... ሃያ ሦስተኛውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ያውቃሉ?»

«ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ብዙ ነገር ረሳሁ። መርሳት ነበረብኝ» አለ ብርሃነ በለሰለሰ ድምፅ። «ግን የያኔውን ብርሃነን አውቀዋለሁ። ‹አታንሺው› ሊያስብለው የነበረ ይመስለኛል። እኛን የሚተካ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ገብረሃና ዳናይትን አያት። አሸነፍኩ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አላላትም።

«አሁንስ?» አለች ዳናይት።

«አሁን እኔ ቤት ደሊና የምትባል አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ አለች። ከጓደኞቿ አንዷ ስትደውልላት በር ዘግታ ሁለት ሰዓት ታዳምጣለች። ምንም አትመክርም፣ ማዳመጥ ብቻ። ከማን እንደተማረችው አላውቅም፤ እኔ ወሬኛ ነኝ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ስጡኝ። አምኃ፣ ሥዕሉን በፎቶ መላክ የምትችል ሰው አለች አይደል?»

«አለች» አለ አምኃ።

በሳምንቱ ብርሃነ የአሥራ ስድስቱንም ገጽ ቃል በስልክ አነበበላቸው። አምኃ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊኛዎች ሞላ፤ ሦስተኛው ላይ ብዕሩ ዘለለበት። ታፔላ ላይ የማይታየው የእጁ መንቀጥቀጥ በትንሽ ፊደል ጊዜ ይታያል። አንድ ጊዜ ትንፋሹን ይዞ ሞከረ፤ ያው ነው። ብዕሩን አንስቶ ለዳናይት ዘረጋላት።

«እኔ?» አለች።

«‹ሸ›ዋን እንደኔ አትሥሪያት። እንደራስሽ አድርጊያት።»

ገብረሃና ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወንበሩን ለዳናይት ብርሃን እንዳይከልልባት ወደ ጎን አደረገ። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ጻፈች። ለሁለት ቅዳሜ ሲጽፉ ከረሙ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ብርሃነ ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበ፤

«‹አንሺው ፍሬ። መጀመሪያ ግን ዝም ብለሽ ስሚ። የሚያለቅስን ሰው ቶሎ ስሙን አትጠይቂው።›»

ዳናይት ጽፋ ስትጨርስ ብዕሩን አስቀምጣ ቀና አላለችም። ናኦድ «ስለዚህ ወራሽ አለ ማለት ነው» ካለ በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶ «ግን ፍሬ አሁን ሠላሳ ዓመቷ ስለሆነ ሞባይል ሊኖራት ይችላል» ብሎ ጨመረ። ገብረሃና መነጽሩን በመሐረብ ወለወለ።

«እኔ አሁንም መነካት አልነበረበትም ባይ ነኝ» አለ። «ግን አንድ ኮፒ ይቀመጥልኝ። ሁለት። አንዱ የሚነበብ።»

አዲሱ ዓመት ገብቶ የድንበሩ መንገድ ሲከፈት፣ በጥቅምት፣ ብርሃነ ደሊናን ይዞ በመኪና መጣ። አምኃና ደብሪቱ ሜክሲኮ አካባቢ እህቱ ለተገብርኤል ቤት ሄደው ተቀበሉት። ጠጉሩ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ከስቷል። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ብርሃነ ደብሪቱን ሲያይ ነበር እንደ ልጅ ያለቀሰው።

ቅዳሜ ካፌዋ ሞልታ ነበር። ደሊናና ዳናይት አንድ ጥግ ይዘው ፍሬ ጭምብል ታድርግ አታድርግ እያሉ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በትግርኛ ይከራከራሉ። ገብረሃና ብርሃነን ይዞ ሰባተኛው እትም ላይ ስሕተት እንዳለ ሊያሳምነው ይታገላል። «መርዕድ እዚህ ግራ እጁን ነው የተጎዳው፤ ቀጥሎ ግን ቀኙን ያሻል።» ብርሃነ «እሱ የሰዓሊው ጥፋት ነው» ብሎ ወደ አምኃ ጠቆመ። አምኃ «ልክ ነው፣ የኔ ነው» አለ።

ማኪያቶ መጣ። አምኃ ሳያስብ ስኳሩን ሳብ አደረገና ብርሃነ ስኒ ውስጥ እንደ ድሮው ሦስት ጊዜ ሊጨምር ማንኪያውን አነሳ። ብርሃነ እጁን ያዘው።

«ስኳር ተከልክያለሁ።»

«መቼ?»

«ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

አምኃ ማንኪያውን መለሰ። «ሌላስ ምን ተለወጠ?»

«ብዙ ነው» አለ ብርሃነ። «ወንበርህን ጠጋ አድርግና ልንገርህ።»